ሙሉ ሴት

ባለፈው ሐሙስ የጅማው የሂርማታ ገበያ በሚደምቅበት ሰዓት በባጃጅ ተሳፍሬ ወደዚያው ስጓዝ ስልኬ የመልእክት ድምፅ አሰማ። መነጽሬን ቤት ረስቼ ስለወጣሁ አጠገቤ የተቀመጠውን ወጣት እንዲያነብልኝ ለመንሁት፤ እርሱም በጨዋነት ተቀብሎ፣ ከሹፌሩ ሙዚቃ በላይ በሚሰማ ድምፅ፣ ባለቤቴ የላከችልኝን አራት ቃላት አነበበልኝ፦ «ሙሉ ሴት ሳትይዝ እንዳትመጣ።»

ሹፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰ። ጥግ ይዘው የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው «ራሷ ናት የላከችው ልጄ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ራሷ ናት እማማ፤ ያለን ጎደሎ ሆኖባት ነው» አልኋቸው፣ ነገሩን የማብራራ መስሎኝ። «መጀመሪያ ስድስት ነበሩን፤ ልጆቹ እየሰበሩ አሁን የቀሩን ሦስት ናቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ታፍራለች።» ከዚያ በኋላ እስከ ሂርማታ ድረስ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ወጣቱም ስልኬን የመለሰልኝ በሁለት ጣቱ ይዞ ነበር።

ነገሩ የቡና ስኒ ነገር ነው። «ሴት» የምንላት ይህች የእንግሊዝኛ ቃል በአገሯ በሦስት ፊደል ትጻፋለች፤ እኛ ዘንድ ስትደርስ በሁለት ፊደል ተጻፈችና ከእናቶቻችንና ከእህቶቻችን መጠሪያ ጋር አንድ ሆና አረፈች። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንግሊዝኛ ሳስተምር ተማሪዎቼን እንደዚህች ቃል ያንገላታቸው አልነበረም። የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም በ1989 እ.ኤ.አ. በ20 ጥራዝ ሲወጣ፣ ለዚህችው ቃል ግስ ብቻ 430 ያህል ትርጉም ሰጥቶ በ60 ሺህ ገደማ ቃላት አብራርቷታል። በኋላ በተጀመረው አዲስ ዝግጅት «ራን» (ሮጠ) የምትባለው ቃል በ645 ትርጉም ቀድማታለች፤ ቢሆንም ማንንም ሰው ባለቤቱ «ሙሉ ራን ይዘህ ና» ብላ ስላላከችው ጉዳዩ አይመለከተንም።

እንግሊዞች በዚህች ቃል ላይ የጫኑት ሸክም በእርግጥ የሚያሳዝን ነው። እኛ ፀሐይ ጠለቀች፣ ሲሚንቶው ያዘ፣ ወጌሻው አጥንቱን ገጠመ፣ አዳኙ ወጥመድ አጠመደ፣ መምህሩ ፈተና አወጣ፣ እመቤቲቱ ማዕድ ዘረጋች ብለን ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን ቃል ስንመድብ፣ እነርሱ ሁሉንም ለዚህች ለአንዲቷ ትተውላታል። ይህን በኩራት ለተማሪዎቼ ስናገር ግን አንድ ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ የቃሏ መነሻ ትርጉም ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። «አስቀመጠ» ማለት ነው አልሁት። «ገንዘብ አስቀመጠ፣ ሕፃኑን አስቀመጠ፣ ቀጠሮው ላይ አስቀመጠኝ» ብሎ ቆጥሮ ሲያበቃ፣ «ትናንት የቀረሁት ግን ስለሚያስቀምጠኝ ነው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ የእኔም ኩራት እዚያው ተቀመጠ።

የዕቃ ስብስብ የሆነችው «ሴት» ግን ከግሷ የተለየ የዘር ሐረግም አላት፤ በጥንቱ ፈረንሳይኛ በኩል አልፋ ተከታዮችን፣ የአንድ እምነት ጭፍሮችን ከሚያመለክት የላቲን ቃል ትነካካለች። ስኒዎቼን ሳስባቸው ይህ እውነት ይመስለኛል፤ አንዷ ስትሰበር ሌሎቹ ይከተላሉና። በመረብ ኳስም 25 ነጥብ በሁለት ልዩነት ቀድሞ የደረሰ ቡድን አንድ ሴት አሸነፈ ይባላል፤ ሦስት ሴት ያሸነፈም ጨዋታው ያልቅለታል። እኔ በትዳር ዘመኔ ሁሉ አንዷን እንኳ ማሸነፍ ተስኖኝ ኖሬያለሁ።

ሰዋስው ከዚህ ጣጣ የሚያድነን ይመስለኝ ነበር። «ሴቱ» ካልን ዕቃው፣ «ሴቷ» ካልን ሴትዮዋ ናት ብዬ ደንብ አውጥቼ ነበር። ደንቤን ያፈረሰው የጅማ አናጢ ነው። ከተማችን በእንጨት ሥራ የታወቀች ናት፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሦስት እግሩ የሚቆመው በርጩማ የትም ቤት ስሟን ያስጠራል። ለልጄ ሠርግ የሶፋ ሴት ያዘዝሁት አናጢ ግን የወደደውን ዕቃ ሁሉ፣ እንደ አገራችን የማቆላመጥ ልማድ፣ በሴት ጾታ የሚጠራ ሰው ነበር። ስደውልለት «ጋሼ፣ ሴቷ አልቃለች፤ እንዴት ያለች ቆንጆ መሰለችህ! ዋንዛ ናት እኮ፣ መቶ ዓመት ብትቀመጥባት ንቅንቅ አትልም» ይለኛል። ስልኬ ድምፁን ወደ ውጭ የሚያጎላ ዓይነት ነው፤ ባለቤቴም ጎኔ ነበረች።

ወደ ሂርማታ ልመለስ። ሻጩ ስድስት ስኒ ከነማስቀመጫው ዘርግቶ «ሙሉ ሴት» አለኝ። ሌላው አሥራ ሁለቱን ደርድሮ፣ ስድስቱማ ግማሽ ነው ብሎ ሳቀብኝ። ሦስተኛው ደግሞ የስኳር ዕቃውና ማማሰያው ካልተጨመሩ ሙሉ አይባልም አለ። እንግሊዞች ቃሏን ሲሰጡን «ሙሉ» የሚለውን አልጨመሩባትም፤ እርሱን የጨመርነው፣ ጎዶሎ ሆኖ መታየትን እንደ ነውር የምንፈራው እኛው ነን። እኔም በዚሁ ፍርሃት አሥራ ሁለቱን ከነስኳር ዕቃቸው ገዛሁ፤ በመመለሻዬም በሌላ ባጃጅ ተሳፈርሁ።

እንግዶቹ ማታ መጡ። ቡናው ተቆላ፣ ጀበናው ረከቦቱ አጠገብ ቀረበ። ባለቤቴ አዲሱን ሴት አንድ በአንድ አጥባ፣ አድርቃ፣ ከመስታወቱ ቡፌ ውስጥ በአራት ረድፍ ደረደረችና ቆለፈችበት፤ አንዷ ብትሰበር ሙሉነቱ ይቀራል ብላ። አቦሉ የተቀዳው በሦስቱ አሮጌ ስኒዎች ሲሆን፣ የጎደለውን ከጎረቤት ተውሰን ሞላን። የተዋስናቸው አራቱ ስኒዎች መልካቸው አራት ዓይነት ነበር። ጎረቤታችንም ባለፈው ወር ሙሉ ሴት ገዝታ ቡፌ ውስጥ ቆልፋለች።