ስንት ሚሊ ነው ስትሏቸው «ጥሩ ነው»

ጎበዝ፣ ይሄን ነገር ካልተነፈስኩት ልፈነዳ ነው። የመኪናችሁን ሞኖብሎክ፣ ሲሊንደሮቹ ያሉበትን የሞተሩን ዋና አካል፣ ጭናችሁ ሲሊንደር ወደሚቆረጥበት ሪቦር ቤት ታደርሳላችሁ፣ ቀብድ ትከፍላላችሁ፣ ቀጠሮው ደጋግሞ ይገፋል፣ በመጨረሻ ትረከባላችሁ። «ሲሊንደሩ ስንት ላይ ቆመ? ከፒስቶኑ ጋር ያለው ክፍተት ስንት ወጣ?» ስትሉ መልሱ «ጥሩ ነው፣ አታስቡ» ነው። ወረቀት የለም፣ ቁጥር የለም። የሠራው ልጅ እጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ብዙዎቹም ናቸው። ግን እጅ የሚሊ ሜትር መቶኛን አይለካም። ቱርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ ያለው ሞተር ደግሞ የሚኖረውም የሚሞተውም በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው።

ለምሳሌ የቶዮታን ባለ ቱርቦ ሞተር 2ጄዜድ-ጂቲኢ እንውሰድ፤ የሲሊንደሩ ስፋት 86 ሚሊ ነው። በኦሪጅናል ፒስቶን ከሆነ ክፍተቱን የፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ ይናገራል። ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ) ከሆነ፣ በተለይ 2618 ከሚባለው አሉሚኒየም የተሠራው፣ ሲሞቅ ብዙ ስለሚሰፋ ከ0.08 እስከ 0.10 ሚሊ አካባቢ ይፈልጋል፤ የመጨረሻው ቃል ግን ከፒስቶኑ ካርቶን ውስጥ የሚወጣው ወረቀት ነው። ከዚያ ከጠበበ ፒስቶኑ ሙሉ ጋዝ ላይ ግድግዳውን ይነክሳል። ከሰፋ ይወዛወዛል፣ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ቀጥ ብሎ አይቀመጥም፣ ጋዙ ወደ ታች ያልፋል፣ ዘይት በትንፋሽ ቱቦው ወደ ቱርቦ ይሄዳል። ከዚያ «ቱርቦው ዘይት እየበላ ነው» ይባልና ምንም ያልሆነ ቱርቦ ይወልቃል።

ስለዚህ ፒስቶኑ እጃችሁ ሳይገባ ሪቦር አታስጀምሩ። እያንዳንዱ ፒስቶን አምራቹ በሚያሳየው ነጥብ ላይ በማይክሮሜትር ተለክቶ፣ ሲሊንደሩ ለዚያ ፒስቶን ይቆረጣል። የሲሊንደሩ ልክ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ይወሰዳል። ለአንድ ሲሊንደር ስድስት ቁጥር፤ በደረሰኙ ጀርባ ላይ በእስክርቢቶ ቢጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በቁጥሮቹ መካከል ከ0.02 ሚሊ በላይ ልዩነት ካለ ሥራው አላለቀም። የሚያናድደኝ ደግሞ የሲሊንደር መለኪያው ቦር ጌጅ ብዙ ጊዜ እዚያው መደርደሪያ ላይ መኖሩ ነው፣ አቧራ ለብሶ።

ክራንክ ሻፍት ላይም ያው ነው። ተሞርዶ 0.25 ሚሊ ወርዷል ትባላላችሁ፣ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ 0.25 የሚል ብሮንዚን፣ ክራንኩ የሚዞርበትን ስስ ማቀፊያ፣ ትገዛላችሁ፣ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ስታንዳርድ ሆኖ ይገኛል፣ ወይም ሁለት ዓይነት ተቀላቅሎ። ካርቶን አትመኑ። እያንዳንዱን ብሮንዚን ገልብጣችሁ ጀርባው ላይ የተመታውን ቁጥር አንብቡ። ከዚያ ፕላስቲጌጅ፣ ሲጨፈለቅ ክፍተቱን የሚያሳየውን ቀጭን የፕላስቲክ ክር፣ ዘርግታችሁ፣ ካፑን መጽሐፉ በሚለው ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) አጥብቃችሁ፣ ክራንኩን ሳታዞሩት ፍቱና ስፋቱን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ለብዙ የመንገድ ሞተሮች ከ0.03 እስከ 0.05 ሚሊ ጤነኛ ነው። ክራንኩ ከተሞረደ በኋላ የዘይት ቀዳዳዎቹ አፍ ስለታም ሆኖ ከቀረ ብሮንዚኑን ይፍቀዋል። ይሄንንም ሳትነግሯቸው የሚሠራላችሁ ጥቂት ሰው ነው።

አሁን እጥበት ላይ ልምጣ፤ እዚህ አዲስ አበባ ከሁሉም በላይ ሞተር እየገደለ ያለው የእሱ ጉድለት ነው። ከሆኒንግ፣ ማለትም በድንጋይ ከሚደረገው የመጨረሻ ማለስለስ፣ የወጣ ሲሊንደር በዓይን ሲታይ ያብረቀርቃል። በቤንዚን ይጠረጋል፣ በኮምፕሬሰር ይነፋል፣ «ንጹህ ነው» ይባላል። ንጹህ አይደለም። የድንጋዩ ብናኝ በመስቀለኛ ጭረቶቹ ውስጥ ተቀብሮ ነው ያለው፣ ቤንዚን ደግሞ ዘይቱን አጥቦ ብናኙን እዚያው ይተወዋል። የሚያወጣው ሙቅ ውሃ፣ ሳሙና እና ጠንካራ ብሩሽ ነው። አንድ በርሜል ውሃ አሙቁ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩ፣ እያንዳንዱን ሲሊንደር ፈትጉ፣ አለቅልቁ፣ ድገሙት። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ቀጭን የሞተር ዘይት አስነክታችሁ ግድግዳውን ጥረጉ። ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ከወጣ ያ ግራጫ የፋሻችሁ ዕድሜ ነው፤ ተመልሳችሁ እጠቡ። ነጭ ገብቶ ነጭ እስኪወጣ ድረስ ማቆም የለም። እንደጨረሳችሁ ሳትዘገዩ አድርቃችሁ ዘይት ቀቡት፣ እርቃኑን የቀረ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ዝገት ያወጣል። ውሃ የሚመጣበትን ቀን ጠብቃችሁ ሥሩት፣ በጀሪካን ውሃ የሚደረግ ሥራ አይደለም።

የዘይት መተላለፊያዎቹን ታፖዎች (መድፈኛዎች) አስወልቁና በረጅም ብሩሽ እጠቧቸው። ሞተሩ የወረደው ብሮንዚን ፈጭቶ ከሆነ ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣውን ጣሉት። ውስጡ ቀጫጭን መንገዶች ናቸው፣ የገባበት የብረት ብናኝ በማንኛውም እጥበት ሙሉ በሙሉ አይወጣም። አሮጌውን ማቀዝቀዣ መልሶ ገጥሞ አዲስ ቱርቦ ማሰር አዲሱን ቱርቦ በአሮጌው ብናኝ ማስበላት ነው።

የፋሻ ጫፍ ክፍተት ላይ ብዙ አልልም። ለመንገድ ቱርቦ ዲያሜትሩን በ0.005 ማባዛት ነው። 86 ሲባዛ 0.43 ሚሊ ለላይኛው፣ ሁለተኛው ትንሽ ሰፋ ብሎ ከ0.45 እስከ 0.50። ፋሻውን ሲሊንደር ውስጥ አስገብታችሁ በፒስቶን ጀርባ ቀጥ አድርጋችሁ ገፍታችሁ በፊለር ጌጅ (በስስ የብረት መለኪያ) ለኩ። ከጠበበ ሲሞቅ ሁለቱ ጫፎች ይጋጫሉ፣ ፒስቶኑም ፋሻው በሚቀመጥበት ቦታ ይሰበራል። ከካርቶን አውጥቶ ዝም ብሎ መግጠም ቱርቦ ለሌለው ሞተር ምናልባት ያልፍ ይሆናል፤ እዚህ አያልፍም።

የሲሊንደሮቹ ክዳን በሆነው ቴስታታ ላይ ቀጥ ያለ ማስመሪያ አጋድማችሁ 0.05 ሚሊ ፊለር ከገባ መላግ አለበት። ብሎኖቹ የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ከተኛ ብሎኑ ሲጠብቅ ፈሳሹ መሄጃ ያጣና ብሎኩን ይሰነጥቃል፤ ንፏቸው። 2ጄዜድ ላይ ቶርኩ 34 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ ከዚያ እንደገና 90 ዲግሪ ነው፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ ብሎኑ ጥርሱና ከጭንቅላቱ ሥር ዘይት ነክቶ። «እስኪበቃው» የሚባል ቶርክ የለም። በቧንቧ አስረዝሞ ማጥበቅ ይቅር፤ የቶርክ ቁልፍ ከጎረቤት ጋራዥ ለአንድ ቀን ተከራይቶ መሥራት ይቻላል።

እና ማስቲሽ! ማስቲሽ (ማጣበቂያው) በጓርኒሲዮን (በተቆረጠው ማሸጊያ) ፋንታ በየቦታው ይለጠፋል። ከኮፓው (ከሥር ካለው የዘይት መያዣ) ጠርዝ ወደ ውስጥ የተጨመቀው ትርፍ ይደርቅና ይቆረጣል፣ ወደ ዘይት ፓምፕ ማጣሪያው ይሄዳል፣ ከፊሉም የቱርቦውን የዘይት ቧንቧ ይደፍናል። የቱርቦ ዘይት መግቢያ ቀዳዳው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ዘንጉ ደግሞ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ የሚዞረው በዘይት ላይ ተንሳፎ ነው። ለቅጽበት ዘይት ካጣ ያበቃለታል። መግቢያና መመለሻው ላይ ጓርኒሲዮን ብቻ፣ ማስቲሽ በጭራሽ።

የመመለሻ ቧንቧውም እንዲሁ። ዘይቱ በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ ከላይ ወደ ታች ያለ ጉብታ መውረድ አለበት፣ ኮፓው ውስጥ የሚገባውም ከዘይቱ ደረጃ በላይ ነው። ቧንቧው ከታጠፈ ወይም የሞተሩ ትንፋሽ ከተደፈነ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ ይጠራቀምና በማኅተሙ በኩል አልፎ በማርሚታ ሰማያዊ ጭስ ይሆናል። ቱርቦ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ሁለቱን እዩ። ዘንጉን በጣት ይዞ ወደ ጎን ትንሽ ስለተንቀሳቀሰ «አልቋል» የሚላችሁን አትስሙ፤ ዘይት በሌለበት ወደ ጎን ትንሽ መንቀሳቀሱ የተሠራበት ነው። የሚያሳስበው ወደ ፊትና ወደ ኋላ በጣት የሚሰማ ከሆነ፣ ወይም ምላጩ ቤቱን ከነካ ነው።

ከፍታው ሌላው ብሶቴ ነው። ይሄ ከተማ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ 0.77 ባር አካባቢ ነው። መጽሐፉ ግን የተጻፈው ለ1 ባር ነው። ኮምፕሬሽን ሲለካ መጽሐፉ 11 ባር ካለ እዚህ ጤነኛ ሞተር 8.5 አካባቢ ያሳያል። ስንት ሰው ነው በዚህ ምክንያት ብቻ «ሞተርህ ወድቋል» ተብሎ ያልታመመ ሞተር ያስወረደ! ሁሉንም ካንዴላ አውጡ፣ ነዳጁን ዝጉ፣ የጋዝ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጣችሁ በጠንካራ ባትሪ አዙሩ፣ ከዚያ ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው አወዳድሩ። ዋናው ቁጥር ልዩነቱ ነው፤ በ10 በመቶ ውስጥ ከሆኑ ተዉት። አንዱ ከወደቀ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሩና ድገሙ፤ ከፍ ካለ ፋሻ ነው፣ ካላለ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው።

ቦስት (የቱርቦው የአየር ግፊት) ላይም ሒሳቡ ይለወጣል። ባሕር ዳርቻ ላይ 0.8 ባር ማለት ቱርቦው አየሩን 1.8 እጥፍ ይጨምቃል ማለት ነው። እዚህ በዚያው 0.8 ጌጅ ላይ ከ2 እጥፍ በላይ ይጨምቃል። የባሕር ዳርቻውን ጉልበት ለማግኘት የግፊት መቆጣጠሪያውን ስፕሪንግ አጥብቆ ወደ 1.04 መግፋት ደግሞ ወደ 2.35 እጥፍ ይወስደዋል፣ ዘንጉ ከተሠራበት ፍጥነት ሊያልፍ ይችላል፣ አየሩም ይግላል። ሞተሩ የተሠራው ለጃፓን ሃይ ኦክቴን ቤንዚን ከሆነ ማደያ ከሚገኘው ቤንዚን ጋር ሲጨመር ነዳጁ ያለጊዜው እየፈነዳ ያንኳኳል፣ ካንኳኳ ፒስቶን ይሰበራል። ቦስቱን በፋብሪካው ስፕሪንግ ላይ ተዉት።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ደግሞ ማን እንዳስተማረን አላውቅም። ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል፣ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል፣ ቤንዚኑ የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፣ ፋሻው ያልቃል። ሙቀት ካስቸገረ መጀመሪያ የራዲያተር ክዳኑን አስለኩ። እዚህ ከተማ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ውሃው መፍላት ጀምሯል ማለት ነው። ርካሽ ክዳን ነው ቴስታታ የሚያጣምመው።

ይሄን ሁሉ የምለው ምክንያት አለኝ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለው ሞተር ነው ያለን። ምትክ እየቀነሰ ነው የሚሄደው፤ በግምት የተበላሸ እያንዳንዱ ብሎክ ከዚህች ከተማ ላይመለስ ሄዷል። በጋራ ግቢ ውስጥ በሸራ ሥር የሚሠራ ሰው በርካታ ነው፣ ቦታው አያሳፍርም። ክረምት ላይ ብቻ ብሎኩን ክፍት አታሳድሩ። እያንዳንዱን ቀዳዳ በንጹህ ፕላስቲክ እሰሩ፤ ጨርቅ አትወትፉ፣ ክሩ ውስጥ ይቀራል። ብሎኖቹን በየከረጢቱ ከፋፍላችሁ ጻፉባቸው። የተቃጠለ ዘይት ወደ ቦይ አይደፋም፣ ጎረቤት አለ፣ ልጆች አሉ፤ በጀሪካን አጠራቅሙት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስነሱ በቱርቦው መግቢያ ዘይት አፍስሱበት፣ ነዳጁንና ቦቢናውን ነቅላችሁ የዘይት ጌጁ እስኪነሳ አዙሩ፣ ከዚያ ብቻ አስነሱ። ሲሞቅና ፍሳሽ እንደሌለ ስታዩ ቆሞ እንዲሠራ አትተዉት፣ ፋሻ የሚቀመጠው በጭነት ነው። ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጎ ወደ እንጦጦ ያለው ዳገት ለዚህ የተፈጠረ ነው። ግማሽ ጋዝ ይዛችሁ ውጡ፣ ሙሉ ቦስት አትጥሩ፣ ስትወርዱ በማርሽ አስይዙት። በ50 ኪሎ ሜትር የመጀመሪያውን ዘይት ለውጡ፣ ከዚያ በ500፣ ከዚያ በ1,500፤ ከዚያ በኋላ በከተማው ትራፊክ ከ5,000 አታሳልፉ። የመጀመሪያውን ፊልተር ስትጥሉ በመጋዝ ቆርጣችሁ ክፈቱት፣ ወረቀቱን ዘርግታችሁ በፀሐይ እዩት። ጥቂት ደቃቅ ግራጫ ብናኝ ከፋሻው መቀመጥ የመጣ ነው፣ በሁለተኛው ፊልተር መቀነስ አለበት። የመዳብ ቀለም ያለው ቅርፊት ካያችሁ ግን ብሮንዚኑ እየተላጠ ነው፤ መኪናውን መልሳችሁ አታስነሱ፣ ኮፓውን አውርዱ።