ክዳኑን አታጥብቁት

እህልን በውኃ ዘፍዝፎ የዶሮ መኖ ስለማቡካት የወጣው ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን መኖው አየር በማያስወጣ ዕቃ ይታሸግ መባሉ ላይ አልስማማም። መኖ ሲቦካ ጋዝ ያወጣል፤ መውጫ ካጣ ክዳኑን ያፈናጥረዋል። ላላ ተደርጎ የተከደነ የፕላስቲክ ባልዲ ይበቃል። ብረት አይሆንም፣ መኖው ሲቦካ የሚፈጠረው አሲድ ይበላዋል።

ዋናው ውኃው ነው። እህሉ መጥጦ ስለሚያብጥ ዕቃውን ከግማሽ በላይ አትሙሉት፤ ውኃው ሁልጊዜ ከመኖው በላይ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ሻጋታ የሚይዘው ከውኃው በላይ ብቅ ያለው ነውና ሲጎድል ጨምሩ፣ በቀን ሁለቴም አማስሉት። ሞቅ ባለ ክፍል በ2 ወይም በ3 ቀን አረፋ ይዞ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ያመጣል። ከላይ ስስ ነጭ ሽፋን ቢታይ አትደንግጡ፣ አማስላችሁ ቀጥሉ። ጸጉራም አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ፣ ወይም የበሰበሰ ሽታ ካለው ግን ሁሉንም ድፉት፤ ከላይ ገፍፎ የቀረውን መስጠት ዶሮዎቹን ማስመረዝ ነው።

አጥልላችሁ በግማሽ ሰዓት የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ስጡ። ጥቂት ፈሳሽ ካስቀራችሁ ለቀጣዩ እርሾ ይሆናል፣ ቶሎም ያቦካል። የእንቁላል ቅርፊት የምትሰጡ ከሆነ ግን አብራችሁ አትዘፍዝፉት፤ አሲዱን ያከሽፈዋል። ለብቻው በደረቁ ይቅረብላቸው።