የሰከንድ መቁጠሪያ ሰዓቶቹን ወዲያ በሉልኝ!

በየዓመቱ የካቲት ላይ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ፣ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚፈትሽበት ኮምባይን ላይ፣ ያው ድራማ ነው። ከኮሌጅ የሚመጡት ልጆች በቁምጣና በቲሸርት 40 ያርድ (37 ሜትር ገደማ) ይሮጣሉ፣ ከዚያ ሁሉም ስለ መቶኛ ሰከንድ ሲያወራ ይሰነብታል። ኧረ በናታችሁ! ሄልሜት የለ፣ የሚጋጭ ተከላካይ የለ፣ ኳስ እንኳ የለ!

የ2017ቱን እንኳ እንይ። ኳስ ተቀባዩ ጆን ሮስ በ4.22 ሰከንድ በረረ፣ የኮምባይኑን ሪከርድ ሰበረ፣ ቡድኖች አዲስ ተጫዋች ተራ በተራ በሚመርጡበት ድራፍት ላይ ቤንጋልስ የተባለው ቡድን በ9ኛ ምርጫ አፈፍ አደረገው። በመጀመሪያ ዓመቱ ስንት ኳስ ያዘ? ዜሮ! (እሺ፣ ጉዳትም ነበረበት።) በዚያው ዓመት ሌላው ኳስ ተቀባይ ኩፐር ከፕ በ4.62 ሮጠ፣ ከትንሽ ኮሌጅ ነው የመጣው፣ እስከ 69ኛ ምርጫ ድረስ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ይሄው "ቀርፋፋ" በ2021 የውድድር ዘመን 145 ኳስ ይዞ 1,947 ያርድ ሄደ፣ የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ ሱፐር ቦውልንም በኮከብነት ጨረሰ። የምንጊዜም ኮከቡ ቶም ብሬዲማ ይቅር፣ በ5.28 ሲንፏቀቅ የሚያሳየውን ቪዲዮ ያላየ የለም።

የሕክምና ምርመራው ይጠቅማል፣ አልክድም። ፍጥነትም ለኮርነርባክ (ኳስ ተቀባዩን ለሚከታተለው ተከላካይ) ግድ ነው። እኔን የሚያበግነኝ ግን የሦስትና የአራት ዓመት የጨዋታ ቪዲዮ እጃቸው ላይ እያለ በአራት ሰከንድ ሩጫ ሐሳባቸውን የሚገለብጡት የቡድን መልማዮች ናቸው። ልጁ ተከላካይ ተጣብቆበት እንዴት እንደሚያመልጥ እኮ ቪዲዮው ላይ አለ፣ ቁጭ ብላችሁ እዩት!