መምህሩም መልሱን የማያውቀው ጥያቄ ያስፈልገናል

ባሕር ዳር ያለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ውኃ ውስጥ የገባ ነገር በገፋው ውኃ ክብደት ልክ ወደ ላይ ይገፋል የሚለውን የአርኪሜደስን ሕግ ብትጠይቁት አንድ ቃል ሳይስት ይወጣዋል። ጣና ዳር ወረድ ቢል ደግሞ ከደንገል የተሠራ ታንኳ ጭነት ይዞ ሲያልፍ ያያል። ያ ታንኳ ስንት ኪሎ ይችላል? ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ሲሄድስ ጭነቱ ምን ያህል መቀነስ አለበት? ይህን አስልቶ አያውቅም። ችሎታ አጥቶ አይደለም። የጠየቀው ስለሌለ ነው።

የትምህርት ሥርዓታችን ፈጣሪ ሰው የማያወጣው ላብራቶሪና ኮምፒውተር ስለጎደለው ነው ሲባል እሰማለሁ። ይጎድላሉ፣ እውነት ነው። ከዚያ የሚብሰው ግን ተማሪው ከአንደኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚጠየቀው መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄ ብቻ መሆኑ ነው።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን እንይ። ምርጫ ነው። ትክክለኛው መልስ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይመጣል፤ የተፈታኙ ሥራ ፈልጎ ማጥቆር ነው። በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ተፈታኝ በማሽን ማረም እንደሚቀል ይገባኛል። ግን አንዲት ፊደል በስልክ መልእክት በቀላሉ ትተላለፋለች። በ2008 ዓ.ም የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ ፈተናው መሰረዙን እናስታውሳለን። ከ2014 ዓ.ም ተፈታኞች ጀምሮ ልጆቹ ኩረጃን ለመከላከል ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ።

«መጀመሪያ መሠረታዊውን ይያዙ፤ ፈጠራ ቅንጦት ነው» የሚሉ ሰዎች እነዚህን ቁጥሮች ይጠቅሳሉ። እኔ ከቁጥሮቹ የማነበው ሌላ ነው። ልጆቹ መሠረታዊውን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሸመድዱ ኖረው እሱም አልያዛቸውም። ያልተጠቀሙበት እውቀት ከፈተናው ማግስት ይጠፋል።

በጣም የሚያስቆጨኝ ግን ፈጠራን ማስተማር ለዚህ አገር እንግዳ አለመሆኑ ነው። እዚሁ ጎጃም፣ ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ቤትነታቸው የታወቁ ናቸው። ተማሪው መዝሙረ ዳዊት ደግሞ፣ የግእዙን ግስና አገባብ በቃሉ ይዞ ያጠናል። ሽምደዳ አለ፣ ከባድ ሽምደዳ። ግን እዚያ አያበቃም። ከአጭሯ፣ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ረጅሙ መወድስ ሲዘልቅ በየጊዜው የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ያቀርባል። የጓደኛውን ይዞ ቢመጣ ነውር ነው። የትናንቱን ቢደግምም አይቆጠርለትም። መምህሩ የጎበጠውን ያቀናለታል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ይጠብቀዋል። እንደ እኔ አስተያየት ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከአባቶች ትምህርት ሽምደዳውን ብቻ ወርሶ ቅኔውን ጥሎታል። ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ችግሩ ዩኒቨርሲቲም ድረስ ይከተላል። ባሕር ዳር በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመውን ፖሊ (ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት) ካገኘች ከ60 ዓመት በላይ ሆኗታል። ብዙ ጎበዝ መሐንዲስ ወጥቶበታል። ነገር ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የራሱን ጥያቄ አንስቶ የማያውቅ ልጅ አምስተኛ ዓመት ላይ ድንገት «የመመረቂያ ፕሮጀክት አምጣ» ሲባል ምን ያድርግ? ቀድመውት የተመረቁትን ወረቀት ፍለጋ ይሄዳል። አልፈርድበትም።

እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ የሚሆን አረም ነው። ገበሬው ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ነቅሏል፣ ማሽን ከውጭ ተገዝቷል፣ ተመራማሪዎችም ደክመውበታል። ተማሪም ለዘመቻ ወጥቶ ነቅሏል። ግን ከነቀላው በኋላ ክፍል ተመልሶ «ለምን እዚህ በዛ፣ እዚያ ግን አነሰ?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ ስንት ይሆን?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ በአንድ ሴሚስተር፣ ከመቶው 20 ነጥብ መምህሩ ራሱ መልሱን ለማያውቀው ጥያቄ ይሰጥ። ተማሪዎቹ በቡድን ይሥሩት፣ ምክንያቱም በተጨናነቀ ክፍል የእያንዳንዱን ማረም አይቻልም። ነጥቡ ለመልሱ ሳይሆን ለሄዱበት መንገድ ይሁን፤ ሞክረው ያልተሳካላቸውም ለምን እንዳልተሳካ ካስረዱ ያግኙ። ትምህርት ቢሮውም መምህሩ ፖርሽን (የተመደበውን የትምህርት ይዘት) አልሸፈንክም ተብሎ እንዳይጠየቅ ለርእሰ መምህራንና ለሱፐርቫይዘሮች አስቀድሞ በደብዳቤ ያሳውቅ።