ሕዝቡ ይሞክረው

ሶፍትዌር ሳትፈትሹ ትለቃላችሁ እየተባልን ስንታማ ዝም ማለት አልችልም። ንጹሕ ሐሜት ነው። እንፈትሻለን እንጂ! የፈታሾቻችን ብዛት የአሜሪካኖቹን የቴክኖሎጂ መንደር ሲሊኮን ቫሊን ያስቀናል። ከማለዳ ጀምሮ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ፎቶ ኮፒ የያዘ፣ ጉርድ ፎቶ የያዘ፣ ልጅ ያዘለች። ደመወዝ አይጠይቁም። ትራንስፖርታቸውን እንኳ ራሳቸው ይችላሉ። ያገኙትን ስሕተት የምትመዘግበውም ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ሠራተኛ ናት። ሪፖርቷ አጭር ነው፦ «ሲስተም የለም»።

ሌላው ዓለም ይህን ሥራ ያካብደዋል። ኮዱን የጻፈው ልጅ መጀመሪያ የራሱን ቁራጭ ይሞክራል። ክፍሎቹ ሲገጣጠሙ እንደገና ይሞከራል። ሺህ ሰው ባንዴ ቢገባስ ተብሎ ይጨናነቃል። በመጨረሻ ዕለት ተዕለት የሚጠቀምበት ሰው ተጠርቶ እንደልቡ ያተራምሰዋል። ይህን ሁሉ ካለፈ በኋላ እንኳ መጀመሪያ ለጥቂት ሰው ነው የሚለቁት። ፍርሃት ነው። እኛ ግን ዛሬ ለሁሉም እንለቃለን፣ ነገ ለሁሉም ይቅርታ እንጠይቃለን።

ርክክባችን ራሱ መታየት ያለበት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚካሄደው በሰኔ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ያልተከፈለ ብር ተመላሽ ይሆናል፤ ስለዚህ ዓመት ሙሉ አላልቅ ያለው ሶፍትዌር በወሩ መጨረሻ በተአምር ያልቃል። ኮሚቴው አዳራሽ ይገባል። ፕሮጀክተሩ ይበራል። አቅራቢው በራሱ ላፕቶፕ፣ ሰርቨሩም፣ ማለትም ሲስተሙ የሚያርፍበት ዋናው ኮምፒውተር፣ እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ሆኖ፣ አንድ ደንበኛ ይመዘግባል። ደንበኛው ሁሌም አበበ ከበደ ነው። (በሶ የበላው አበበ ይሁን ሌላ አላጣራሁም።) አበበ የተወለደው መስከረም 1 ነው። ስሙ ውስጥ አከራካሪ ፊደል የለም። የአያቱን ስም ያውቃል፣ ስልክ አለው፣ ኢሜይል ሳይቀር አለው። አበበ ተመዘገበ፤ ተጨበጨበ፤ ቃለ ጉባኤው ተፈረመ።

ሐምሌ ላይ እውነተኛው ሕዝብ ይመጣል። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ልጅ የወለደች እናት ትመጣለች። ሲስተሙ የሚያውቀው ጳጉሜን 5ን ብቻ ነው። ከእሷ ቀጥሎ ኃይሉ አለ። መታወቂያው ላይ በ«ኃ» ነው፣ የባንክ ደብተሩ ላይ በ«ሀ»፣ የቤት ካርታው ላይ በ«ሐ»። ለእናቱ አንድ ልጅ ነው፤ ለሲስተሙ ሦስት ሰው ነው፣ ሦስቱም አይተዋወቁም። ከኃይሉ ኋላ ደግሞ ቀጠሮህ 3:00 ነው ተብሎ በጠዋት ከተፍ ያለ ሰው ቆሟል። ሲስተሙ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ማለቱ ነበር።

እኔ የማደንቀው መፍትሔውን ነው። ኮዱን ማረም ውል ይጠይቃል፣ ጨረታ ይጠይቃል። ሰውየውን ማረም ግን በነፃ ነው። «ልደቱን ጳጉሜን 5 እናድርገው፣ ምን ልዩነት አለው?» ትባላለች እናት። ኃይሉም ሦስቱ ኃይሉዎች አንድ ሰው መሆናቸውን ፍርድ ቤት ሄዶ እንዲያስመሰክር ይነገረዋል። ዜጋው ይታረማል፣ ሲስተሙ እንደነበረ ይቀጥላል።

ይህ ስልት ዝናው ባሕር የተሻገረው መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መደበኛ የሲስተም ማሻሻያ ሲያደርግ በተፈጠረ ችግር፣ ደንበኛ ሂሳቡ ላይ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻለ። ከሌለ ሂሳብ ብር እንዳይወጣ ማረጋገጥ ለባንክ ሶፍትዌር የመጀመሪያው ፈተና ነው። ያን ሌሊት ፈተናውን የሰጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ያለ ሥልጠና፣ ያለ አበል፣ ከእንቅልፋቸው ተነስተው ኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። ወሬውን ለጓደኛ ለማድረስ ያሳዩት ፍጥነት የትኛውም ፕሮጀክት ማናጀር አግኝቶት አያውቅም። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር የሄደው። የሳይበር ጥቃት አይደለም ሲባል ደግሞ ኮራን። የውጭ እጅ የሌለበት፣ አገር በቀል ስሕተት!

ባንኩም ፈታሾቹን አልረሳም። ብሩን ያልመለሱትን ስምና ፎቶ ለጥፎ አገር እንዲያውቃቸው አደረገ። የሲስተሙ ፎቶ አልተለጠፈም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የምትሉ ትኖራላችሁ። ዳውላው ግን ብሩን ይዞ ነበርና በዚህ አልከራከርም።

ከአራት ወር በኋላ አሜሪካኖቹ ተከተሉን። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ድርጅት ሐምሌ 12 ቀን 2016 ጉድለት ያለበት ማሻሻያ ባንዴ ለዓለም ለቀቀ። 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ተንጋለሉ፣ በረራዎች ተሰረዙ። ፋይሉን ማጣራት የነበረበት ፕሮግራም ራሱ ስሕተት ነበረበት። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ሄደው ነበር። መጨረሻው ላይ አበላሹት። ጥፋቱን በተሳፋሪው ማሳበብ ሲችሉ ምክንያቱን ዘርዝረው ጽፈው አወጡ፣ ከእንግዲህ በጥቂት በጥቂቱ እንለቃለን አሉ። ወግ አያውቁም።

በእኛም ዘንድ የእነሱን መንገድ የሚመኝ አልጠፋም። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የሶፍትዌር ፍተሻ ስትራቴጂ ይኑረን ብሎ ተነሳ። በወጉ ነው የተነሳው። ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ሥሩ ቴክኒክ ኮሚቴ፣ ቀጥሎም ወርክሾፕ በቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር። ባነሩ ትልቅ ነበር። ሰነዱ ደግሞ ውብ ነው፤ ራዕይ አለው፣ ተልዕኮ አለው፣ እሴቶች አሉት። አንዱ ገጽ ግርጌ ላይ የሌላ መሥሪያ ቤት ስም ተረስቶ ቀርቷል። የልምድ ልውውጥ ማለት ይኸው ነው።

ውይይቱ ሞቅ ብሎ ሳለ አንዲት የመሥሪያ ቤቱ ወጣት ባለሙያ እጇን አወጣች። ሁለት ነገር ጠየቀች። የትኛው ክፍል ቢበላሽ ነው ሰው ክፉኛ የሚጎዳው፣ ከእሱ እንጀምር? ሶፍትዌሩ ፈተናውን ቢወድቅስ «አይለቀቅም» የሚለው ማን ነው? ይቺ ልጅ ስትራቴጂ ማለት ምን እንደሆነ ገብቷታል ማለት ነው። መድረክ መሪው ግን ልምድ ያላቸው ሰው ናቸው። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከሻይ በኋላ እንመለስበታለን» አሉ። ከሻይ በኋላ የቡድን ፎቶ ነበር።

ያም ሆኖ ለጥያቄዋ ክብር ሲባል የፍተሻ ባለሙያ ተብላ ተመደበች። ሥራውን የምር ያዘችው። ጳጉሜን 6ን አገኘች። ሦስቱን ኃይሉዎች አገኘች። መብራት ሄዶ ሲመለስ ክፍያው ሁለት ጊዜ እንደሚቆረጥም አገኘች። ሁሉንም ጽፋ ለኃላፊዋ ወሰደች።

ኃላፊዋ የምረቃውን መጥሪያ ካርድ አሳዩዋት። ሪባን የሚቆረጥበት ቀን ታትሟል፣ የክብር እንግዳው እሺ ብለዋል፣ ዳቦው ታዟል። «እህቴ፣ አንቺ ችግር ብቻ ነው እንዴ የሚታይሽ?» አሏት። በግምገማው ላይ «አሉታዊ አመለካከት» ተብሎ ተያዘላት። ሲስተሙም በተባለው ቀን ተመረቀ፣ አበበ ከበደ እንደገና ተመዘገበ፣ ተጨበጨበ።

ልጅቷን ወደ ደንበኞች አገልግሎት፣ መስኮት 4 አዛውረዋታል። አሁን ስሕተት ፍለጋ መባዘን ቀርቶላታል። ከጠዋቱ 2:30 ጀምሮ ራሳቸው ተራ ይዘው ይመጡላታል።