ሽጉጥ ይዞ ለመሳፈር ባጅ ብቻ አይበቃም

ዋሽንግተን አካባቢ ደለስ ወይም ሬገን ኤርፖርት የሚሠራ ዘመድ ወይም ጓደኛ የሌለው ሐበሻ ጥቂት ነው። ቲኬት ካውንተር ላይ የሚቆም አለ፣ ዊልቸር የሚገፋ አለ፣ መሳፈሪያ በር ላይ ቦርዲንግ ፓስ የሚቀበል አለ። ይህን ስጽፍ በተለይ እነሱን እያሰብኩ ነው። ምክንያቱም አሜሪካ ውስጥ አንድ ፖሊስ ሽጉጡን ታጥቆ ሊሳፈር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያናግረው የአየር መንገዱን ሠራተኛ ነው። ፖሊሱ ቸኩሏል፣ በረራው ሊዘጋ ነው፣ ከኋላ ወረፋው ያጉረመርማል። ባጁን፣ ማለትም የብረት የፖሊስ አርማውን፣ ካውንተሩ ላይ ያስቀምጥና «ፖሊስ ነኝ» ይላል።

ሕጉ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። ባጅ ብቻውን ማንነትን ለማረጋገጥ አይበቃም። የመሥሪያ ቤቱ መታወቂያ፣ ፊቱ በደንብ የሚታይበት ፎቶና ፊርማ ያስፈልጋል። ታጥቆ መብረርን የሚመለከት ሥልጠና መውሰድ አለበት። የክፍለ ግዛት ወይም የከተማ ፖሊስ ከሆነ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ ፖሊሶች መልእክት በሚለዋወጡበት መረብ በኩል ማሳወቅ አለበት። ለዚያ ጉዞ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ፍተሻ ጣቢያው ላይ ቁጥሩ ይመሳከራል። ይህ የመልእክት አሠራር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ከዚያ በፊት ፖሊሱ ከአለቃው የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ ይመጣ ነበር። ደብዳቤ ደግሞ ማንም ሊጽፈው ይችላል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ የሚል ሰው ካለ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1987 የሆነውን ይወቅ። ከሎስ አንጀለስ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ በሚሄድ ፒኤስኤ የተባለ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ በስርቆት ተጠርጥሮ ከአየር መንገድ ሥራው የተባረረ ሰው ተሳፈረ። ያባረረው አለቃው እዚያው አውሮፕላን ላይ ነበር። ሰውየው ከሥራ ሲሰናበት የሠራተኛ መታወቂያውን የጠየቀው የለም። ያንን አሳይቶ ፍተሻውን አለፈ፣ ከባልደረባው የተዋሰውን ሽጉጥም ይዞ ገባ። አየር ላይ ተኮሰ፣ አብራሪዎቹንም መታ፣ አውሮፕላኑ ተከሰከሰ። 43 ሰው አለቀ። አንድም የተረፈ የለም።

እዚህ ላይ ሐሰተኛ ወረቀት አልነበረም። መታወቂያው እውነተኛ ነበር፣ ፎቶውም የራሱ ነው። የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሰው ዛሬም እዚህ ይሠራል? ከአደጋው በኋላ ሠራተኞችም እንዲፈተሹ፣ የተባረረ ሰው መታወቂያውንም ወዲያው እንዲመልስ ታዘዘ። ለዚህ 43 ሰው መሞት አልነበረበትም።

ትምህርቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልተያዘም። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ ምክር ቤት የምርመራ መሥሪያ ቤት ሰዎቹን ሐሰተኛ ባጅና መታወቂያ አስይዞ ላካቸው። የሕግ አስከባሪ ነን እያሉ 19 የመንግሥት ቦታዎችና 2 ኤርፖርቶች ገቡ። አንደኛው ኤርፖርት ሬገን ነበር። በዚያ ሁሉ በር ላይ የቆሙት ሠራተኞች ሰነፎች ነበሩ ብዬ አላምንም። ባጅ ያየ ሰው ይፈራል። በተለይ እኛ፣ የደንብ ልብስ ሲያይ ከመጠየቅ ይልቅ መንገድ መልቀቅን እየለመደ ያደገ ሰው፣ ይህ ፍርሃት ከውስጣችን ቶሎ አይወጣም።

ወረቀቱ ካለቀ በኋላ አውሮፕላኑ ውስጥ የሚደረገው ደግሞ ይበልጥ ትልቅ ነው። ካፒቴኑ የታጠቀው ሰው የትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ይነገረዋል። ሌላ የታጠቀ ካለ እርስ በርሳቸው እንዲተዋወቁ ይደረጋል። ሲቪል ከለበሰ ሽጉጡ ከዓይን ተሰውሮ፣ ከሰውነቱ ጋር ወይም እጁ በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ መሆን አለበት። ከራስ በላይ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ማድረግ ክልክል ነው። ባለፉት 8 ሰዓታት አልኮል የቀመሰ አይሳፈርም፣ አስተናጋጆቹም መጠጥ አይሰጡትም።

እነዚህ ነገሮች ጥቃቅን የሚመስሉት ችግር እስኪመጣ ነው። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720 ላይ ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራህቱ ያሉበት ቡድን ጠለፋ ሞከረ። ተሳፋሪ መስለው የተቀመጡ የጥበቃ ሰዎች ተኮሱ። ቦምብ ፈነዳ፣ ካቢኑ በጭስ ተሞላ። አውሮፕላኑ ተጎድቶም ተመልሶ በሰላም አረፈ። ስለዚያ ቀን ሲወራ ሁሌም የሚነሳው ፖለቲካው ነው። እኔ የማስበው ስለ ካቢኑ ነው። ጠባብ መተላለፊያ፣ ጩኸት፣ ጭስ፣ ሲቪል ልብስ የለበሱ ሰዎች ሽጉጥ ይዘው ብድግ ይላሉ። እዚያ መሃል ማንም የማያውቀው ሌላ ሰው ሽጉጡን ቢመዝ ጥበቃው ማንን ይመታል? ለማሰብ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ነው ካፒቴኑ የወንበር ቁጥሩን ማወቅ ያለበት። ስለዚህ ነው የታጠቁት ሰዎች በር ከመዘጋቱ በፊት መተያየት ያለባቸው።

«ፖሊስ ከበዛ በረራው ይጠበቃል» የሚሉ አሉ። አልስማማም። የሠለጠነ ሰውም ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከእንግሊዝ ወደ ኒውዮርክ በሚበር አውሮፕላን ላይ አንድ የአየር ማርሻል፣ ሥራው ታጥቆ በረራን መጠበቅ የሆነ ሰው፣ ጥይት የጎረሰ ሽጉጡን መጸዳጃ ቤት ረስቶ ወጣ። ያገኘው ተሳፋሪ ነው። ጥሩ ሰው እጅ ገባና ተረፉ። አውሮፕላን ውስጥ የሚገባ እያንዳንዱ ሽጉጥ ይህን አደጋ ይዞ ይገባል፣ ስለዚህ ለመግባቱ ጠንካራ ምክንያት ያስፈልገዋል።

ሕጉ ለከተማና ለክፍለ ግዛት ፖሊሶች ይህን ይጠይቃል። ለምሳሌ ባለሥልጣን የሚያጅብ፣ እስረኛ የሚያደርስ፣ ወይም ሲወርድ ወዲያው ሥራ ላይ የሚሰማራ መሆን አለበት። ለዕረፍት የሚሄድ ከሆነ እንደ ማንኛውም ሰው ጥይቱን አውጥቶ፣ ሽጉጡን ጠንካራ ሳጥን ውስጥ ቆልፎ፣ አስመዝግቦ ከሻንጣ ጋር ይልካል። ይህ ትክክል ነው። የማልቀበለው ለፌዴራል ሕግ አስከባሪዎች የተተወውን በር ነው። የመሥሪያ ቤታቸው መመሪያ ከፈቀደ፣ በግል ጉዳይም ቢሆን ታጥቀው መብረር ይችላሉ። ቤተሰቡን ይዞ ወደ ፍሎሪዳ ለሚሄድ ኤጀንት ሽጉጡ ወገቡ ላይ መሆኑ ምን ይጠቅማል? «ምናልባት ነገር ቢፈጠር» የሚለው ለከተማው ፖሊስ ካልሠራ ለእሱም መሥራት የለበትም። የአብራሪው ክፍል በር እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ ተጠናክሯል፣ የአየር ማርሻሎችም አሉ። ይህ ልዩነት ይነሳ።

ሁለተኛው የምጠይቀው ነገር ለአየር መንገዶቹ አለቆች ነው። ካውንተር ላይ የቆመችው ልጅ «ይቅርታ፣ ወረቀትዎ አልተሟላም» ስትል ከጎኗ ቁሙ። በረራው 20 ደቂቃ ቢዘገይ መዘግየቱ በእሷ ስም እንዳይመዘገብ አድርጉ። ፖሊሱ ስሟን ጽፎ ሊከስሳት ቢዝት ደብዳቤውን እናንተ መልሱለት። አሁን ብዙ ቦታ አውሮፕላን ያዘገየ ሠራተኛ ይጠየቃል፣ ሳያጣራ ያሳለፈ ግን ምንም እስካልሆነ ድረስ ማንም አይጠይቀውም። እዚያ የምትሠሩ ወገኖቼም፣ ደንቡ ከእናንተ ጋር ነው። የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ ጠይቁ፣ ፎቶውን ከፊቱ ጋር አስተያዩ፣ ከተጠራጠራችሁ ኃላፊ ጥሩ። እሱም ፖሊስ ከሆነ ለምን እንደጠየቃችሁት ያውቃል።