ቡናውም ቢሆን በአንድ ጀምበር አልተጠናም

ሰሞኑን ጅማ ላይ በተደረገ ስብሰባ አንድ ኃላፊ ማይክ ይዘው፣ «ዕድሜ ልኩን ዴሞክራሲ፣ ፖፑሊዝም፣ የባህሎች ውይይት ሲል የሚኖር ምሁር ለገበሬው ምን ጠብ አለለት? ቡና ያጥኑ!» አሉ። ከሐምሌ ጀምሮ ለእንዲህ ዓይነት ጥናት ገንዘብ እንደማይያዝም ነገሩን። አዳራሹ ሳቀ። ከሳቁት መካከል መምህራንም ነበሩበት፤ እኔን ያበሸቀኝ ይሄኛው ነው።

በእንዲህ ዓይነት ክርክር የምትነሳውን «ፖፑሊዝም የፈረንጅ በሽታ ነው» የምትለዋን እናስቀድም። ካስ ሙዴ የተባለው የኔዘርላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2004 እንደበየነው፣ ፖፑሊዝም ኅብረተሰቡን ለሁለት ይከፍላል፤ ንጹሕ ሕዝብ በአንድ ወገን፣ ብልሹ ልሂቃን በሌላው። ይህን ለመስማት ብራስልስ መሄድ ያስፈልጋል እንዴ? ፌስቡክ መክፈት ይበቃል። «ሕዝቡ እኛ ነን፣ የተቃወመን ባንዳ ነው» የማይል ፖለቲከኛ ካገኛችሁ ጠቁሙኝ።

ቡናውን ግን በዋዛ አላልፈውም። ምሳሌውን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ገባ። ጅማ አጠገብ መልኮ በሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ያሉት ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ ፍለጋ እስከ ኢሉባቦር ዘለቁ። ዛሬ ገበሬው የሚተክላቸው 74110 እና 74112 ዝርያዎች ስማቸው ላይ ያለችው 74፣ ዛፎቹ የተመረጡበት እ.ኤ.አ. 1974 ናት። ችግኙ ገበሬው እጅ እስኪደርስ ዓመታት ፈጀ። በ1975 አንድ ኃላፊ መጥቶ «ምን ጠብ አደረጋችሁ?» ቢላቸው ምን ያሳዩት ነበር? ቁጥር የተሰጠው ዛፍና በጽሑፍ የተሞላ ደብተር። ያኔ ተባረው ቢሆን ኖሮ ኃላፊው ስብሰባው ላይ የጠጡት ቡና ከየት ይመጣ ነበር? ሰውን ማጥናት ደግሞ ከዛፍም ይብሳል፤ ሰው ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ተደርድሮ አይጠብቅም።

ለገበሬው ምን ጠብ አለ ላሉት፣ እዚሁ ጅማ ዞን ያለችውን አሰንዳቦን እንጠይቅ። በ2003 ዓ.ም. «ቁርዓን ተዋረደ» የሚል ወሬ ተነስቶ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ። ቤቱን ጥሎ የሸሸው ገበሬ አይደለም? ወሬው እንዴት ተዛመተ? የትኛው መንደር «አይነካካኝም» አለ፣ ለምን? ይህን የሚያውቀው የሼኩንም የቄሱንም የፓስተሩንም ደጅ ለዓመታት የጠና ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቀድሞ ቦታው ላይ ቢኖርና የሚሰማው ቢያገኝ፣ ያ እሳት አይነሳም ነበር ብዬ እከራከራለሁ።

አዎ፣ ሼልፍ ላይ አቧራ የሚጠጣ ጥናት ሞልቷል። የቡናም አለ። ድሮም 70 ለ 30 ተብሎ አብዛኛው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲመደብ፣ የማኅበራዊ ሳይንሱ ሰው ጥግ ይዞ ነው የኖረው። አሁን ጥጓንም ልቀቅ እየተባለ ነው።

ለመሆኑ የሚቆጠበው ስንት ነው? የትራንስፖርትና የውሎ አበል። ለዚያ ስብሰባ ለምሳና ለአበል የወጣው ገንዘብ አንድ ተመራማሪን ዓመት ሙሉ ያሠራ ነበር። የለም የሚል ካለ ደረሰኙን ይዞ ይምጣ፤ ቁጭ ብለን እንደምረው።